«ውድቀት ልጄን ሲያስተምራት አላየሁም»፦ ከድሬዳዋ ለተጻፈ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

የጠያቂው ደብዳቤ አጠር ተደርጎ ሲቀርብ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ከዚራ ነው። ከምድር ባቡር የጥገና ክፍል በጡረታ የተገለልኩ አባት ነኝ። የመጨረሻዋ ልጄ እስከ 8ኛ ክፍል አንደኛ እየወጣች ነው ያደገችው፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ‹ሰቃይዋ› ነበር የሚላት። በ2016 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን ከ600 ያመጣችው 168 ነው፤ ለሬሜዲያልም አልበቃችም። ባዮሎጂ 41፣ ኬሚስትሪ 30፣ እንግሊዝኛ 24፣ ሒሳብ 17፣ ፊዚክስ 19፣ አፕቲትዩድ 37 ነው። ውጤቱ ከወጣ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ‹ኔትወርክ እምቢ አለኝ› እያለች ደበቀችን። አሁን ከቤት አትወጣም፤ ጓደኞቿ ሲመጡም ‹ተኝታለች› አስብላ ትመልሳቸዋለች። በግል ተመዝግበሽ ተፈተኚ ስላት ‹እኔ ጭንቅላት የለኝም› ትለኛለች። ሰው ሁሉ ‹ግዴለም፣ ውድቀት ያስተምራል› ይለኛል፤ እኔ ግን ልጄን ሲያስተምራት አላየሁም። ልገፋት ወይስ ልተዋት?»

የተከበሩ ጠያቂ፣ ሰው ሁሉ ከሚነግርዎት ይልቅ በዓይንዎ ያዩትን ማመንዎ ትክክል ነው። ውድቀት በራሱ አያስተምርም። ይህን የምለው እርስዎን ለማጽናናት ብዬ አይደለም፤ በሙከራ የታየ ነገር ስለሆነ ነው። ሎረን ኤስክሪስ-ዊንክለርና አየለት ፊሽባክ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት ሁለት ምርጫ ብቻ ያላቸውን ጥያቄዎች ለሰዎች አቀረቡና ለአንደኛው ወገን በትክክል የመለሳቸውን፣ ለሌላው ወገን ደግሞ የሳታቸውን ነገሩት። ምርጫው ሁለት ብቻ በመሆኑ «ተሳስተሃል» የተባለ ሰው ትክክለኛው መልስ ሌላኛው መሆኑን ወዲያውኑ ያውቃል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ያገኙት እውቀት እኩል ነበር። በድጋሚ ሲፈተኑ ግን ስህተታቸው የተነገራቸው ሰዎች የተማሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት ስህተት የሰውን ክብር ይነካል፤ ክብሩ የተነካ ሰው ደግሞ ጆሮውን ይደፍናል። የሚገርመው፣ ስህተቱ የሌላ ሰው በሆነ ጊዜ ሰዎቹ ከስህተቱ በሚገባ መማር ችለዋል። «ብልህ ከሰው ስህተት፣ ሞኝ ከራሱ ስህተት ይማራል» የሚሉት አባቶች ሞኙንም ትንሽ ከልክ በላይ አመስግነውታል ማለት ነው፤ ከራሱ ስህተት የሚማር ሰው በእርግጥ እንደሚባለው ብዙ አይደለም።

እንግዲህ ልጅዎ ከውድቀቷ ያልተማረችው እልኸኛ ስለሆነች ወይም ስለ ነገሩ ግድ ስለሌላት አይደለም። ቀና ብላ ልታየው ስላልቻለች ነው። ሦስት ቀን ውጤቷን መደበቋ የዚሁ ምልክት ነው፤ ምናልባት በደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ የነገረኝም እሱ ነው። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ቀለል ያለ ፈተና ከሠሩ በኋላ ገሚሶቹ «ጎበዝ ነህ፣ ብሩህ ጭንቅላት አለህ» ተብለው ተመሰገኑ፤ ሌሎቹ ደግሞ «ጠንክረህ ሠርተሃል» ተባሉ። ቀጥሎ ሁሉም የሚሳሳቱበት ከባድ ፈተና ተሰጣቸው። በጭንቅላታቸው የተመሰገኑት ልጆች ገና ከምስጋናው በኋላ የሚቀላቸውን ሥራ መምረጥ ጀመሩ፤ ከከባዱ ፈተና በኋላ ደግሞ በመጀመሪያው ልክ በቀለለ ፈተና ላይ እንኳ ውጤታቸው ከቀድሞው ወረደ። ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ ጽፈው እንዲያስረዱ ሲጠየቁ ደግሞ ከአሥሩ አራት ያህሉ ነጥባቸውን ከፍ አድርገው ዋሹ። በጥረታቸው ከተመሰገኑት መካከል የዋሹት እጅግ ጥቂት ነበሩ። «ሰቃይዋ» እየተባለች ያደገች ልጅ 168 የሚል ቁጥር ስልኳ ላይ ስታይ ያጣችው የዩኒቨርሲቲ ወንበር ብቻ አይደለም፤ ሰፈሩ የሰጣትን ስም ነው። ኔትወርክ ላይ ማሳበቧን እንደ ውሸት ይዘው እንዳይቀጧት የምለምንዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ቋንቋችንም አይረዳንም። በአማርኛ ፈተና ያላለፈን ሰው «ወደቀ» እንላለን፤ የወደቀው ወረቀቱ ሳይሆን ሰውየው ራሱ ነው። ነጋዴ ሲከስር «ከሰረ» ይባላል እንጂ «ወደቀ» የሚባለው ጨርሶ ከሰው ሲያንስ ነው፤ ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ገና በመጀመሪያው ፈተና ይህን ቃል እንሰጣታለን። «በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» የሚለው ተረትም የሚናገረው እውነት ነው፤ ለወደቀ ሰው አስተያየት ሰጪው ብዙ ነው። ቤት ውስጥ «ፈተናው አልተሳካላትም» ወይም «ውጤቱ አልመጣላትም» ማለት ቢጀምሩ ነገሩን ማድበስበስ አይሆንብዎትም፤ በሰውየዋና በወረቀቱ መካከል ትንሽ ክፍተት ማስቀመጥ ነው፤ ያለዚያ ክፍተት ወረቀቱን ማንበብ አይቻልም።

አሁን «ጭንቅላት የለኝም» ወደሚለው ቃሏ እንምጣ። በርናርድ ዋይነር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ ሰዎች ለደረሰባቸው ነገር የሚሰጡትን ምክንያት በሦስት ጥያቄ ይመዝነዋል፦ ምክንያቱ ከራስ ነው ወይስ ከውጭ? የማይለወጥ ነው ወይስ የሚያልፍ? በእጅ ያለ ነው ወይስ ከእጅ የወጣ? በእኛ አካባቢ ልጅ ሲወድቅ የሚሰጡትን ምክንያቶች በዚህ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጧቸው የሚያስደንቅ ነገር ያያሉ። «የአርባ ቀን ዕድሏ ነው» የሚለው ከውጭ የመጣ፣ የማይለወጥ፣ ከእጅ የወጣ ነው። «ዓይን በልቷት ነው» የሚለውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። «ጭንቅላት የላትም» ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱን በራሷ ውስጥ ያስቀምጥና በሩን ይዘጋባታል። በአንጻሩ «ሒሳብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አልገባኝም፣ ጠይቄም አላውቅም» የሚለው ምክንያት ከራሷ ቢሆንም የሚለወጥና በእጇ ያለ ነው። ሲናገሩት ይህ ከሁሉ በላይ ያማል፤ ሥራ የሚወጣው ግን ከዚህ ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ልጨምር። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው»፣ «አላህ ያለው ነው» ማለት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት የተለመደ ነው፤ እኔ በሥራዬ እንዳየሁት ይህ አነጋገር ሐዘንን ያቀልላል እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው የምርመራውን ቦታ ሲወስድ ነው። የሆነውን ተቀብሎ፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ መርምሮ መቀጠል ከእምነት ጋር አይጣላም።

እርስዎ ባቡር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ስለሆኑ የሚከተለውን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ሎኮሞቲቭ መንገድ ላይ ሲቆም «ይህ ባቡር ሰነፍ ነው» ያለ መካኒክ አይኖርም፤ ይከፈታል፣ የትኛው ክፍል እንደደከመ ይታያል። እስቲ የላኩልኝን ውጤት በዚያው ዓይን አብረን እንክፈተው። 168 የሚለው ቁጥር ድምር ነው፤ ድምር ደግሞ ስለ ብልሽቱ ምንም አይናገርም። ፈተናው አራት አራት ምርጫ ያለው በመሆኑ፣ ጥያቄውን ሳያነብ ዝም ብሎ የሚያጠቁር ሰው እንኳ በአማካይ ከአራት አንዱን፣ ማለትም ከ100 25 ያህል ያገኛል። ስለዚህ ሒሳብ 17፣ ፊዚክስ 19፣ እንግሊዝኛ 24 ከግምት የማይለዩ ቁጥሮች ናቸው። አንድ ሰው ሞክሮ ሲያቅተው ብዙ ጊዜ ከግምት ከፍ ያለ ነጥብ ያመጣል፤ 17 የሚመጣው በትምህርቱና በተማሪዋ መካከል የነበረው ግንኙነት ከተቋረጠ ቆይቶ እንደሆነ ነው። ባዮሎጂ 41 ግን ግምት አይደለም፤ አንብባለች፣ የያዘችውም አለ። አፕቲትዩድ 37 መሆኑንም ልብ ይበሉ። ይህ ፈተና ከመማሪያ መጽሐፍ የሚሸመደድ አይደለም፤ ማገናዘብን ይጠይቃል። 37 ትልቅ ውጤት ነው ልልዎት አልችልም፤ «ጭንቅላት የለኝም» ለሚለው ፍርድ ግን ማስረጃ አይሆንም።

በእኔ ግምት ቁልፉ ያለው እንግሊዝኛው ላይ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአገር ውስጥ ቋንቋ ትምህርቶች በቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ሌሎቹም ፈተናዎች በእንግሊዝኛ ናቸው። በእንግሊዝኛ 24 ያመጣች ልጅ የፊዚክስ ጥያቄውን መሥራት ቀርቶ ምን እንደተጠየቀች በቅጡ ላታውቅ ትችላለች። ዘመኑንም ቆጥሬዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበረ ልጅ፣ ሳይደግም ከመጣ፣ በ2012 ዓ.ም. 8ኛ ክፍል ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዓመቱ ትምህርት በወጉ ሳያልቅ ልጆቹ በ2013 ዓ.ም. ወደ 9ኛ ክፍል ገቡ። «እስከ 8ኛ ክፍል አንደኛ ነበረች» ብለው ሲጽፉልኝ ሳያስቡት የብልሽቱን ቀን ነግረውኛል። አንደኛነቷ የቆመው ወራት የፈጀ የትምህርት መቋረጥና በእንግሊዝኛ መማር ተከታትለው በመጡበት ቦታ ላይ ነው። ይህ ግምት ነው፤ ትክክል መሆኑን የምትነግረን ልጅዎ ናት። ሆኖም በምርመራ የሚጣራ ግምት በመሆኑ «ጭንቅላት የለኝም» ከሚለው እጅግ ይሻላል።

ስለ አጠቃላይ ውጤቱም አንድ ቃል። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት 674,823 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 36,409 ነበሩ፤ 5.4 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት 3.3 እና 3.2 በመቶ ነበር። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠና አራቱ ከመስመሩ በታች በሚቀርበት ፈተና የአንዲትን ልጅ ስንፍና ብቻውን ምክንያት ማድረግ ሒሳብ አለማወቅ ነው። ይህንን ቁጥር ለልጅዎ ይንገሯት፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። «ሁሉም ወድቋል» የሚለው ሐሳብ እፍረትን ያቀልላል፤ ነገ ጠዋት ምን እንደምታደርግ ግን አይነግራትም፤ ደጋግመው ካነሡት መደበቂያ ይሆናል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፦ መግፋት ወይስ መተው? ከሁለቱ አንዱን እንዳልመርጥልዎት ያስተማረኝ የራሴ ስህተት ነው። ይህን ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ በውጤት ምክንያት የተሰናበተ ወጣት ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ገና ተቀምጦ ታሪኩን ሳይጨርስ ውድቀት ትምህርት እንደሆነ፣ ከዚህ ምን እንደሚማር አብረን እንደምንፈልግ ነገርኩት። በትህትና አመስግኖኝ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣም። ለረዥም ጊዜ ልጁ እንዳልተዘጋጀ አድርጌ ሳስብ ቆየሁ። ያልተዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ፤ ሐዘኑን ሳልሰማ ከሐዘኑ ትርፍ እንዲያወጣ ጠየቅሁት። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እስቲ ከዚህ ሞት ምን ተማራችሁ?» የሚል ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ብዙ አባቶች የሚፈሩት፣ ልጁን በርኅራኄ ብይዘው ይሞላቀቅብኛል ብለው ነው። ጁሊያና ብራይንስና ሴሪና ቼን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይህንን ፍርሃት የሚያረግብ ነው። ተማሪዎች ከባድ የቃላት ፈተና ወስደው ከተሳሳቱ በኋላ አንዳንዶቹ በራሳቸው ላይ እንዳይጨክኑ፣ ስህተቱ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ መሆኑን እንዲያስቡ ተደረገ። ሁለተኛ ፈተና እንደሚኖር ሲነገራቸው፣ በራሳቸው ላይ ያልጨከኑት ተማሪዎች ያጠኑት ከሌሎቹ ለበለጠ ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ ስህተቱን ሲያይ የማይገረፍ ሰው ስህተቱን ለማየት አይፈራም። ስለዚህ ርኅራኄውን ከሥራው በፊት የሚመጣ የመጀመሪያ ደረጃ አድርገው ይያዙት፤ የሥራው ተቃራኒ አይደለም። ለአንድ ሁለት ሳምንት ስለ ፈተናው ባያነሡባትም ምንም አይቀርባትም። ምግቧን ትብላ፣ ከእናቷ ጋር ገበያ ትውጣ፣ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጃፍ ላይ ከእርስዎ ጋር ትቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ግን መተው አይሆንም። ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ሜየር እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት የታወቀ ሙከራ፣ ምንም ቢያደርጉ ከሕመም ማምለጥ የማይችሉ ውሾች በኋላ ማምለጫው ክፍት ሲሆን እንኳ ተኝተው እንደሚቀሩ አሳይተው ነበር። ተስፋ መቁረጥ ይለመዳል ብለውም ደመደሙ። ከሃምሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ሁለቱ ራሳቸው ተመልሰው የአንጎል ጥናቶችን መርምረው ነገሩን እንደገለበጡት አሳወቁ፦ በሚደጋገም ሕመም ፊት መተኛት የፍጥረት የመጀመሪያ ምላሽ ነው፤ የሚለመደው «እኔ ባደርግ ነገሩ ይለወጣል» የሚለው እምነት ነው። እነዚህ ሰዎች ታላቅ ስም ያገኙበትን ንድፈ ሐሳብ በራሳቸው እጅ ማረማቸውን በዚህ ምላሽ ውስጥ ከማነሣቸው ጥናቶች ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ለልጅዎ ግን የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ተስፋዋ በምክር አይመለስም። የሚመለሰው ያደረገችው ነገር ውጤት ሲለውጥ ደጋግማ ስታይ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ሥራው ትንሽ መሆን አለበት።

ትንሽ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ። «ለዘንድሮ ፈተና ተዘጋጂ» ትልቅ ነው። በቀን አርባ ደቂቃ ያህል አንድ የባዮሎጂ ገጽ በእንግሊዝኛ ማንበብ፣ የማታውቃቸውን ቃላት በአማርኛ ፍቺያቸው ጽፎ መያዝና በሚቀጥለው ቀን ራስን መጠየቅ ግን ትንሽ ነው። ከባዮሎጂ እንድትጀምር የምመክረው የተሻለ የያዘችው እሱ ስለሆነና እንግሊዝኛዋም አብሮ ስለሚነሣ ነው። ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን አሥር አሥር እያደረገች ትሥራ፤ ለተሳሳተቻቸው ጥያቄዎችም አንድ ደብተር ይኑራት። በደብተሩ ላይ ትክክለኛውን መልስ ብቻ ገልብጣ እንዳታልፍ፤ ለምን እንደሳተችው ትጻፍ፦ ትምህርቱን አላውቀውም፣ ጥያቄውን አንብቤ አልገባኝም፣ ወይስ ቸኩያለሁ? እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ብልሽቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። በአንድ ወር ውስጥ «ጥያቄው አልገባኝም» የሚለው እየቀነሰ ሲመጣ በገዛ እጅ ጽሑፏ ታየዋለች። እርስዎ ደብተሩን አይመርምሩ። ከፈለጉ «ዛሬ የትኛው ጥያቄ አስቸገረሽ?» ብለው ይጠይቋት፤ «ስንት አገኘሽ?» ግን ለጊዜው ይቅር።

ጥረቷንም ዝም ብለው አያወድሱ። ከድዌክ ጥናት በኋላ ብዙ ወላጅና መምህር «ጎበዝ» የሚለውን ትቶ «በርቺ፣ ሞክረሻል» ማለት ጀመረ፤ ድዌክ ራሷ ይህ ሐሳቧን ማዛባት እንደሆነ ጽፋለች። የማይሠራ አጠናን ይዞ ለሚደክም ልጅ «በርታ» ማለት በተበላሸ ሐዲድ ላይ ፍጥነት ጨምር እንደማለት ነው። የሚመሰገነው ዘዴው ነው፤ «ቃላቱን በአማርኛ ጽፈሽ መያዝሽ ጠቀመሽ» ይበሏት። በተጨማሪም የአስተሳሰብ ለውጥ ብቻውን ተአምር እንደማይሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ዴቪድ ዬጋርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ከ12,000 በላይ ከሆኑ የአሜሪካ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል በዕጣ ለተለዩት ችሎታ በሥራ እንደሚያድግ የሚያስረዳ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት በኮምፒውተር ተሰጣቸው። ትምህርቱን ከወሰዱት መካከል ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች አማካይ ውጤት፣ ከ4 በሚታሰበው መለኪያ፣ በ0.1 ያህል ከፍ አለ። ትንሽ ናት፤ ግን እውነተኛ ናት። ከእሷ ይልቅ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ለውጡ ጎልቶ የታየው የት እንደሆነ ነው፦ የክፍል ጓደኞች ከባድ ሥራ መሞከርን በሚያከብሩበት ትምህርት ቤት። እንግዲህ ልጅዎ ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ሆና ምንም ብታምን ነገሩ ጎዶሎ ነው። «ተኝታለች» ከምታስብላቸው ጓደኞች መካከል እንደ እሷው ውጤት ያልመጣላት አንዲት ልጅ አትጠፋም፤ ሁለቱ አብረው የሚያነቡበትን መንገድ ቢያመቻቹ ከእኔ አሥር ምክር ይሻላል።

ጎረቤትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ድሬዳዋ በሩን ዘግቶ የሚኖር ሰው ያለባት ከተማ አይደለችም፤ ቡና ላይም በርጫ (ጫት ቤት ጨዋታ) ላይም «ልጅቷ ስንት አመጣች?» መባሉ አይቀርም፤ ጠያቂውም ብዙውን ጊዜ ክፋት የለበትም። እርስዎ ይሉኝታ ይዞዎት አንገትዎን የሚደፉ ከሆነ ግን ልጅዎ ከግድግዳው ማዶ ትሰማዋለች። «ዘንድሮ አልመጣላትም፣ እንግሊዝኛው ላይ እየሠራች ነው» የምትል አጭር መልስ ይበቃል። «አቦ፣ ተዉት ባካችሁ!» ብለው ቢዘጉትም የከተማችን ሰው ይገባዋል።

በግል መፈተን አለባት ወይ ለሚለው፣ ውሳኔው አሁን መሰጠት የለበትም፤ የሁለት ወር ሥራዋን አይታ እሷው ትወስን። እዚህ ላይ እርስዎ የሠሩበት መሥሪያ ቤት ታሪክ ትዝ ይለኛል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ፈቃድ የሰጡት የባቡር መንገድ ከጅቡቲ ተነሥቶ መጀመሪያ እንዲደርስ የታሰበው ሐረር ነበር። ሥራው በ1897 ተጀመረ፤ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ እጅግ አስቸጋሪና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ ግን ሐዲዱ በተራራው ግርጌ አልፎ በ1902 መጨረሻ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። «አዲስ ሐረር» የተባለችው ድሬዳዋ የተወለደችው ከዚያ ነው። ኩባንያው ደግሞ በ1907 ከሰረ፤ ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለመሳካት አለ። የተራራው ጉዳይ የመንገድ ጥያቄ ነበር፤ የተፈታውም መንገዱን በመለወጥ ነው። የ1907ቱ ግን የገንዘብ ጥያቄ ስለነበር ሐዲዱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር አይፈታውም ነበር። የልጅዎ ጉዳይ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በደብተሯ ላይ በሚታየው ነው፦ እንግሊዝኛዋ ሲነሣ ሌላውም አብሮ ከተነሣ ፈተናውን ደግማ ብትወስድ ያዋጣታል፤ ሒሳብና ፊዚክሱ ከዚያም በኋላ ካልተንቀሳቀሱ፣ እሷም የማትወዳቸው ከሆነ፣ ቴክኒክና ሙያ መግባቷን እንደ ሽንፈት የሚያይባት ሰው በቤትዎ ውስጥ እንዳይኖር ያድርጉ። እርስዎስ በእጅዎ ሥራ አይደል ያሳደጓት?

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አላልፍም። ከቤት አለመውጣቷ ከእንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ፣ ከምግብ እምቢታ፣ ቀድሞ ከምትወደው ነገር ሁሉ ደስታ ከማጣት ጋር ተያይዞ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ይህ የትምህርት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታል ወስደው የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያያት ያድርጉ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ደግሞ ቀጥታ ይጠይቋት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይጨምርባትም። በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይውሰዷት፤ ብቻዋንም አይተዋት።

በመጨረሻ፣ ከላይ ባነሣሁት የ2019 ጥናት ሰዎች ከሌላ ሰው ስህተት በሚገባ እንደተማሩ ተናግሬ ነበር። በቤትዎ ውስጥ ያንን ሊሰጣት የሚችል ሰው እርስዎ ነዎት። በእነዚያ ሁሉ የጥገና ዓመታት አንድ ቀን ሥራ አበላሽተው ያውቁ ይሆናል፤ የተሳሳተ መለዋወጫ ገጥመው፣ አንድ ብሎን ሳያጠብቁ ቀርተው፣ አለቃ ፊት የቆሙበት ቀን አይጠፋም። ያንን ቀን ይንገሯት። ምን እንደነካኩ፣ የቱ ጋ እንደሳቱ፣ እንዴት እንዳገኙት፣ የዚያን ቀን ማታ ቤት ሲገቡ ምን እንደተሰማዎት በዝርዝር ይንገሯት። ታሪኩን ሲጨርሱ «አንቺም እንደዚሁ» የሚለውን አይጨምሩበት። ጥያቄ ካላት ትጠይቅዎታለች፤ ከሌላት ደግሞ ቡናውን አብራችሁ ጠጥታችሁ ተነሡ።